ልጅ በወንፈል

በአገራችን ምክር የሚከለክል ሰው አታገኙም። ጨው ስትለምኑት «አሁን አሁን አለቀብን» የሚል ጎረቤት፣ መጥረቢያ ስትዋሱት «ልጁ ይዞት ወጥቷል» የሚል ዘመድ፣ ነገሩ ምክር ላይ ሲደርስ እጁ ይፈታል። ሳትጠይቁት ይሰጣችኋል፤ በቃኝ ስትሉት ይጨምርላችኋል። በተለይ ልጅ ለብቻው የሚያሳድግ ሰው ከሆናችሁ መንገድ ላይ ቆማችሁ ማዛጋት አትችሉም፤ የተከፈተው አፋችሁ ሳይዘጋ አንድ ምክር ይገባበታል።

እኔ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ነው ጥዬ የወጣሁት። ጥናት ግን አላቆምኩም፤ ባጃጅ ላይ ሆኜ ሰው አጠናለሁ። ያጠናሁትን ልንገራችሁ። ሴት ከልጇ ጋር ብቻዋን ስትቀር ሰው «አይዞሽ፣ ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይላታል። ይላትና ይሄዳል። ወንድ ከልጁ ጋር ብቻውን ሲቀር ግን ሰው ቆም ይላል፤ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፤ ትከሻውን መታ መታ ያደርግና የመንደሩን ብቸኛ መድኃኒት ያዝዝለታል፦ «አግባ!»

ልጅቷ ትኩሳት አላት። «አግባ!» ልብሷን የሚያጥብልኝ አጣሁ። «አግባ!» የባጃጄ ፍሬን አልይዝ አለ ብትሉ እንኳ «እስቲ አግባና እየው» የሚል አይጠፋም።

ሙሄ እባላለሁ። ሙሉ ስሜ ሙሐመድ ነው፤ በሙሉ ስሜ የሚጠራኝ ግን ትራፊክ ብቻ ነው። መካነ ሰላም ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። ልጄ ሀያት አራት ዓመቷ ነው። እናቷ ሪያድ ናት። ቶሎ ሠርታ ቶሎ ልትመለስ ነበር የሄደችው፤ ሰነበተችና አንድ ጁምዓ በድምፅ መልእክት ቁርጡን ነገረችኝ። አልተጣላንም። «አንተ መጥፎ ሰው አይደለህም ሙሄ፤ እኔ ግን ያቺ የሄደችው ልጅ አይደለሁም» አለች። ደግሜ ሰማሁት። ከዚያ ስልኩን ኪሴ ከትቼ በወግዲ መውጫ በኩል ሰው አደረስኩ። ምን ላድርግ፤ ተሳፋሪው ቸኩሎ ነበር።

ድጋፍ አልፈለግኩም እንዳትሉኝ፤ ፈልጌያለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ልጅ ለብቻቸው የሚያሳድጉ ሰዎችን ያግዛል ሲሉኝ ሀያትን ፊቷን አጥቤ፣ ፀጉሯን በውኃ አስተኝቼ፣ ይዣት ሄድኩ። የተቀበለችን ልጅ ጨዋ ናት፤ ወንበር ሰጠችን።

«እናትየው የለችም?»

«ሪያድ ናት።»

«እኛ የምንረዳው እናቶችን ነው» አለች፤ አፍራ።

«እኔስ?»

አሰበች። አላሾፈችም፣ ከልቧ አሰበች። እስኪርቢቶዋን ነክሳ፣ ጣሪያውን አይታ፣ መጨረሻ ላይ ፊቷ በራ። «ስታገባ ባለቤትህን ላካት!»

እንግዲህ ሀያት ባጃጅ ውስጥ አደገች። ከፊቴ፣ ከመሪው ሥር፣ ፍራሽ ቆርጬ በሠራሁላት መቀመጫ ላይ ትውላለች። እኩዮቿ «ሀ ሁ» ሲሉ የኔዋ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ተማረች። ሦስተኛው ሰው ከኋላ ሲገባ አንገቷን አዙራ ታይና የባጃጁን ብረት በመዳፏ ጠፍ አድርጋ «ሞልቷል፣ ንዳው!» ትላለች። ተሳፋሪ ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር። አያቷ ግን አልሳቁም።

አያቷ እመት ከድጃ ይባላሉ፤ የሚኖሩት ኩታበር ነው። የድሮ አማቴ ልበላቸው ይሆን? ሚስት ትፈታለች፣ አማት ግን መፍቻው አልተሠራላትም። ሁልጊዜ ይደውላሉ፤ እኔም ስልኩን ለሀያት እሰጣለሁ። አንድ ቀን ታዲያ ድምፁን ከፍ አድርጌላቸው እየሰማሁ ነው።

«ምን በላሽ የኔ እናት?»

«ብስኩት።»

«ማን ጋር ዋልሽ?»

«ከተሳፋሪ ጋር።»

ወዲያ ማዶ ዝም ተባለ። እኔ መሪውን ጨበጥኩ። ሀያት ዝምታው ሲረዝምባት «እሺ አያቴ፣ ሞልቷል፣ ንዳው!» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

መልሰው ደወሉ። ለኔ ነበር። «ሙሄ፣ አንተን አልቀየምም። ልጄም ትታህ እንጂ ትተሃት አይደለም፤ ሐቁን አውቃለሁ። ልጅቱ ግን መናኸሪያ ሆናለች። መውሊድ ይለፍና እመጣለሁ፤ ይዣት እሄዳለሁ። እናቷም እሺ ብላኛለች።»

ምን ይባላል? ክፉ ሴት ቢሆኑ እጣላቸው ነበር። ደግ ሰው ነው የሚያስቸግረው። ሀያት ከሄደች ቤቴ ውስጥ የምንቀረው እኔና የባጃጁ ትርፍ ጎማ ነን፤ ጎማው ደግሞ አያወራም።

ይህን ጭንቀቴን ይዤ መናኸሪያው በር ላይ ሻይና አምባሻ ከምትሸጠው ከእትዬ ትርንጎ ዘንድ ቁጭ አልኩ። እትዬ ትርንጎን ያላወቀ መካነ ሰላምን አየሁ አይበል። ግንባሯ ላይ መስቀል ተነቅሳለች፤ ስትምል ግን «ወላሂ!» ነው የምትለው። ባሏ ለቀን ሥራ መተማ ወርዶ እንደወረደ ቀርቷል።

«ምን ሁነሃል ሙሄ? ፊትህ ዝናብ ያገኘው ጭድ መስሏል» አለችኝ።

ነገርኳት። ሰማችኝ፤ ብርጭቆ እያጠበች ጨርሳ ሰማችኝ። ከዚያም፣ ልብ በሉልኝ፣ «አግባ» አላለችኝም! ለዚህ ብቻ እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ።

«እኛ ሰፈር አምስት ሴቶች አለን» አለች፤ «ሁላችንም ልጆቻችንን ለብቻችን ነው የያዝን። አንዷ ከባሏ የተፋታች፣ አንዷ ባሏ የሞተባት፣ ዘይነባ ከጅዳ የተመለሰች፤ ያው ታውቃለህ። እንደ አባቶቻችን ወንፈል ገብተናል። አንዷ በቀኗ የሁሉንም ልጅ ትይዛለች፤ ሌሎቻችን ሥራችን ላይ እንውላለን። ትገባለህ?»

«እንደ ደቦ ነው?»

«ልጅ ማሳ መሰለህ፣ ባንድ ቀን ታጭዶ የሚያልቅ? ደቦ ጠርተህ፣ አብልተህ፣ ሸኝተህ ትገላገላለህ። ይሄ ወንፈል ነው። ጉልበት በጉልበት! ዛሬ ያንተን ከሠራሁልህ ነገ የኔን ትሠራለህ።»

እዚህ ላይ የመናኸሪያ ጭንቅላቴ መሥራት ጀመረ። እኔ ያለኝ አንድ ልጅ ነው። እነሱ ስምንት አሏቸው። አንዲት ሀያትን አስገብቼ አምስት ቀን እጄን እያወዛወዝኩ ልሠራ ነው! በልቤ «እነዚህ ሴቶች ሒሳብ አይችሉም» አልኩ። በአፌ ግን «ለናንተ ስል እገባለሁ» አልኩ። አራዳ ነኛ!

«የትኛው ቀን ነው የኔ?»

እትዬ ትርንጎ ብርጭቆዋን ወደ ብርሃኑ አንስታ አየችው፤ ጠርቷል። «የገበያ ቀን» አለች።

የገበያ ቀን! ባጃጅ የምትነዱ ካላችሁ አብራችሁኝ አልቅሱ። ከገጠሩ ሁሉ ሰው የሚወርድበት፣ ከደጎሎ ድረስ ነጋዴ የሚመጣበት፣ ባጃጅ ቆሞ የማያውቅበት ቀን ነው። አፌን ከፈትኩ። «እኛ በገበያ ቀን ልጅ ይዘን ከተቀመጥን ሳምንቱን ሙሉ ጦም ነው» አለች፤ «ሽንኩርቷም በርበሬዋም የምትሸጠው ያን ቀን ነው። አንተ ግን ባጃጅህ በየቀኑ ትዞራለች። ወላሂ፣ ሰው ፈልገን ያጣነው ለዚህ ቀን ብቻ ነበር።» ተበላሁ። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ይላሉ፤ እዚህ ግን የፈጠጠው ዓይን የኔ ብቻ ነበር። ወንፈል ግባ ሲሏችሁ መጀመሪያ ቀኑን ጠይቁ።

የመጀመሪያው የገበያ ቀን መጣ። ማለዳ እናቶቹ እየመጡ ልጆቻቸውን እንደ ጆንያ ደጄ ላይ አራገፉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ተራችሁ የደረሰ ዕለት ሃምሳውም ሎሚ እናንተ ጋ እንደሚውል ማንም አይነግራችሁም። ከነሀያት ዘጠኝ! ትንሹ የዘይነባ ልጅ አብዱ ነው፤ ገና አይሄድም፣ ግን ከሚሄዱት ሁሉ ይከብዳል። የእትዬ ትርንጎ ቢኒ ደግሞ ይነክሳል። ለምን እንደሚነክስ አልተጠናም።

እኔ ሞኝ፣ ገበያው እንዳያመልጠኝ ሁሉንም ባጃጅ ላይ ጭኜ ወጣሁ። አንድ የደጎሎ ሰው ጤፍ በጆንያ ይዞ አስቆመኝና አንገቱን ወደ ውስጥ ሰደደ።

«ይሄ ሁሉ ያንተ ነው?»

«ዛሬ የኔ ነው።»

«ማሻ አላህ!» አለና ትንሽ አሰበ። «ነገስ የማን ነው?»

መልስ ሳልሰጥ ሀያት ብረቱን ጠፍ አደረገችው። «ሞልቷል፣ ንዳው!» አንድ ሰው ሳልጭን ቤቴ ተመለስኩ።

የቸገረው ሰው ዘዴ ይፈጥራል። እኔ የማውቀው ትምህርት ቤት አንድ ነው፤ መናኸሪያ። ግቢዬ ውስጥ ድንጋይ ደረደርኩና ይሄ ወግዲ፣ ያ ደጎሎ፣ የበሩ ሥር ያለው ደሴ ነው አልኳቸው። ልጆቹ ሚኒባስ ሆኑ። ያለ ተራው የሚወጣ የለም። ሀያት፣ ሌላ ማን ይሆናል፣ ተራ አስከባሪ ሆነች። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ቆርኪ ሰጠሁ፤ መንጃ ፈቃድ ነው። የተማታ ቆርኪው ይነጠቃል። ምሳ ሲደርስ «ማደያው ነዳጅ ገብቶለታል!» እላለሁ፤ ተሰልፈው ሽሮ በእንጀራ ይቀዳላቸዋል። እውነተኛው ማደያ ላይ ሰው እንዲህ ቢሰለፍ አገር በሰላም ያድር ነበር። እንቅልፍ የጠላ ልጅ እንኳ «ጋራዥ ግቡ» ሲባል ሞተሩን አጥፍቶ ይተኛል። ቢኒ ብቻ አስቸገረኝ፤ በመጨረሻ ትራፊክ አድርጌ ሾምኩት። ሹመት ካገኘ ወዲህ ነክሶ አያውቅም። በፉጨት ብቻ ነው የሚያሰቃየን።

አብዱን ግን ቆርኪ አይሸነግለውም። ካልታዘለ ያለቅሳል። እናቱ አንቀልባውን ትታልኝ ነበርና ግራ ቀኜን አየሁ፤ አዘልኩት። ጓደኞቼ ባጃጆቻቸውን እያቆሙ በአጥሩ ላይ ያዩኛል።

«ሙሄ! እንኳን ማርያም ማረችህ!»

«ገንፎ ይዛችሁ ኑ እንጂ ወሬ ይዛችሁ አትምጡ!» እላቸዋለሁ።

ሳቁ ሳቁና ለመዱት። እኔም ለመድኩት። ሳልዋሻችሁ፣ ትንሽ ቆይቼ የገበያ ቀንን መናፈቅ ጀመርኩ። በሌሎቹ ቀናት ደግሞ ሀያት ከዘይነባ ዘንድ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ከሌላዋ ዘንድ ትኩስ ምሳ በልታ፣ ከእትዬ ትርንጎ ዘንድ አዲስ መሐላ ተምራ ትመጣለች። አሁን ማታ ማታ ስትመጣ የምታወራኝ ስለ ተሳፋሪ አይደለም፤ ስለ ጓደኞቿ ነው።

መውሊድ አለፈ።

እመት ከድጃ «እመጣለሁ» እንጂ መቼ አላሉም ነበር። የመጡት ታዲያ በገበያ ቀን ሆነ። ለብቻቸውም አልመጡም፤ ነገሩ በሽማግሌ ይለቅ ብለው የመንደራቸውን ሰው ሸህ ይመርን ይዘዋል። ደሴ አድረው፣ የተራራውን መንገድ ሲንገጫገጩ ውለው፣ ከሰዓት በኋላ የግቢዬን በር ገፋ አድርገው ገቡ።

ያዩትን ላሳያችሁ። ልጅ በግቢው ሙሉ ፈስሷል። አንዱ ያፏጫል፣ ሁለቱ «ወግዲ ወግዲ!» እያሉ ይጣራሉ፣ ሦስቱ ጋራዥ ገብተው ምንጣፍ ላይ ተኝተዋል። መሐል ላይ የቀድሞው አማች፣ ወንዱ፣ ልጅ አዝሎ እሹሩሩ ይላል።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አሉ ሸህ ይመር፤ ቤት የተሳሳቱ ይመስል ወደ ኋላ እያዩ።

«ወዐለይኩሙ ሰላም! እማማ! ግቡ፣ ግቡ» ብዬ ልሳለም ጎንበስ ስል አብዱ ከኋላዬ ፀጉሬን ጨመደደኝ።

እመት ከድጃ አልተቀመጡም። «የማን ናቸው እነዚህ?»

እኔ ስደነግጥ የምናገረው ነገር ሁሉ ጥፋተኛ ያስመስለኛል፤ ትራፊኮች ያውቁታል። «የኔ ናቸው» አልኩ። «ማለቴ… ዛሬ የኔ ናቸው።»

አሁን ተቀመጡ። «አላልኩዎትም ሸህ ይመር? አግብቷል! ያውም ከነጫጩቷ! ልጄን ለእንጀራ እናት ሰጣት!»

ላስረዳ አፌን ስከፍት ዘይነባ ሽንኩርቷን ሸጣ ገባች። እንግዶቹን ከሩቅ በጥድፊያ ሰላም አለችና በቀጥታ ወደ ጀርባዬ ሄዳ አብዱን እየፈታች «ሙሄዬ፣ ዛሬም አደከመህ አይደል? አፈር ስሆን» አለች። እመት ከድጃ ሸህ ይመርን አዩአቸው። ሸህ ይመር መሬቱን አዩ። ወዲያው ሁለተኛዋ ገባችና አንድ ልጅ ከጋራዥ አንስታ ሳመች።

«ሁለት!» አሉ እመት ከድጃ።

«እማማ፣ እንደሱ አይደለም፤ ወንፈል ነው!» አልኩ።

«ሚስት በወንፈል?!» ጩኸታቸው ደሴ ሳይሰማ አልቀረም። «ያ ረቢ! ዘንድሮ ምን የማይሰማ አለ!»

ሦስተኛዋ ገባች። አራተኛዋ ተከተለቻት። ገበያው እየተበተነ ነው፤ ምን ላድርግ? ሸህ ይመር ፍትሐዊ ሰው ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «አራት…» አሉ ቀስ ብለው፤ «እስከዚህ ድረስ እንኳ ሸሪዓው አይከለክለውም ከድጃ፤ እኩል ካያቸው።»

«በባጃጅ ነው እኩል የሚያያቸው?»

ይህን ጊዜ እትዬ ትርንጎ ቅርጫቷን አዝላ፣ መስቀሏ ግንባሯ ላይ እያበራ፣ «ኧረ ሙሄ፣ ቢኒዬ ዛሬስ ሰው አልነከሰም?» እያለች ከች አለች። ሸህ ይመር ምርኩዛቸውን ጨብጠው ተነሡ።

«አምስት! ይሄስ ወሰን ማለፍ ነው!»

«ምኑ ነው አምስት አባቴ?»

«አምስተኛ ሚስት!»

እትዬ ትርንጎ አየቻቸው። እኔን አየችኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ፣ በአብዱ ምራቅ የራሰውን ትከሻዬን፣ የጎደለ የሸሚዝ ቁልፌን ሳይቀር አየችኝ። ከዚያ ቅርጫቷን አወረደች፤ ብርጭቆዎቿ እንዳይሰበሩባት ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ሳቁ መሬት ላይ ነው የጣላት። «እኔ? የዚህን? ወላሂ፣ የኩታበር ሰው ጨዋታ ያውቃል!» አራቱም ተከተሏት። ልጆቹ ምን እንደተሳቀ ሳያውቁ ሳቁ። ቢኒ አፏጨ።

ሳቁ ሲበርድ እትዬ ትርንጎ ጫማዋን አውልቃ ከእመት ከድጃ ፊት ተቀመጠችና ነገሩን ከሥሩ አስረዳቻቸው። ቀን በቀን፣ ማን የማንን እንደሚይዝ፣ ማን ምን እንደሚሸጥ። «ወንፈል» የሚለው ቃል ወደ ትክክለኛው ማሳው ሲመለስ የእመት ከድጃ ፊት ተለወጠ። ገበሬ ናቸዋ! የከተማ ጣጣ ባያውቁ ወንፈል ያውቃሉ።

«ገበያ ቀንን ሰጠሃቸው?» አሉኝ።

«ሰጡኝ እንጂ እማማ።»

«አንተ ሞኝ» አሉ። ግን ከመጡ ጀምሮ መጀመሪያ ያኔ ፈገግ አሉ።

ደስ አለኝ። ቶሎ ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም ወዲያው ፈገግታውን መልሰው አጠፉት። «ደግ ሠርተሃል። አመሰግናለሁ። ልጅቱን ግን ይዤ ነው የምሄድ። ቃሌን ለእናቷ ሰጥቻለሁ።»

ሀያት የደሴን ድንጋይ እያስተካከለች ነው፤ አልሰማችም። ሰው ወርዶ ሒሳብ ሳይከፍል ሲሮጥ እንኳ ምላሴ ይፈጥናል፤ ያኔ ግን ቆመ።

ያልቆመችው እትዬ ትርንጎ ናት። «እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እናንተ አገር ወንፈል ተገብቶ፣ ማሳው ገና ሳይታረስ በሬውን ፈቶ የሚሄድ ሰው ምን ይባላል?»

«ምን ይባላል! በኋላ ማን ከሱ ጋር ጥማድ ያጣምራል? ስሙ ይጠፋል።»

«ታዲያ ሀያትን ይዘው ከሄዱ ሙሄ ወንፈሉ ውስጥ ምን አለው? ይወጣል። እኛስ የገበያ ቀናችንን ማን ይመልስልናል? ስምንት ልጅ ይዘን ሜዳ ላይ ሊጥሉን ነው?»

እመት ከድጃ ወደ ሸህ ይመር ዞሩ። ሸህ ይመር ጺማቸውን ያዙ፤ ስለ አምስቱ ሚስት የደረሰባቸውን እፍረት በፍርድ ሊክሱት ፈልገው መሰለኝ፣ ረጅም ጊዜ አሰቡ። «ሐቅ ነው» አሉ። «ወንፈል ሳያልቅ በሬ አይፈታም። ልጅቱም ወንፈል ላይ ናት።»

«መቼ ነው የሚያልቅ ታዲያ ወንፈሉ?»

ሁላችንም አንድ ላይ ወደ አብዱ ዞርን። አብዱ እናቱ ጭን ላይ ሆኖ የራሱን እግር አፉ ውስጥ ሊከት እየታገለ ነው።

«ይሄ ራሱን ሲችል» አለች እትዬ ትርንጎ።

እመት ከድጃ ሀያትን በእጃቸው ጠሩና ከጉልበታቸው ሥር አቆሟት፤ ሹሩባዋን በጣታቸው ዳበሱ። ጥሩ እጅ የሠራው ሹሩባ ነው። «የኔ እናት፣ ከኔ ጋር ኩታበር አትሄጂም? ጥጃ አለ፣ ዶሮ አለ።»

ጥጃና ዶሮ ቀልድ አይደለም፤ እኔ ያለኝ ትርፍ ጎማ ነው።

ሀያት አሰበች። ወደ ኋላዋ ዞራ በጣቷ መቁጠር ጀመረች፤ ቢኒ፣ አብዱ፣ እነ ዘይነባ፣ እኔ። ቆጥራ ቆጥራ ጣት አለቀባትና ተጨነቀች። «አያቴ» አለች፤ «ባጃጁ አይበቃንም።»

ሁላችንም የምንሄድ ነው የመሰላት። ከመካከላችን አንድ ሰው ብቻ የሚሄድ ሊሆን እንደሚችል አልመጣላትም።

እመት ከድጃ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ሳቅም ልቅሶም የሚመስል ነገር ከሥሩ ወጣ። ከዚያ ያው ገበሬ ናቸውና ወደ ሥራ ገቡ። «ዘይነባ ማለት አንቺ ነሽ? እመጫት ሆነሽ ዘጠኝ ልጅ ከነይሄ ጎረምሳ! ነውር አይደል እንዴ? ቀንሽ መቼ ነው?»

«ነገ ነው እማማ።»

«ነገ የኔ ነው» አሉ። «ያው እስክሄድ ድረስ።»

ለሪያድ እዚያው ተደወለ። ልጃቸው ብዙ ጠየቀች መሰለኝ፤ እሳቸው የመለሱት ግን አጭር ነበር። «ወንፈል ላይ ናት ልጄ። አትፈታም። አንቺም ጁምዓ ጁምዓ ደውዪ፤ ያ ቀን ያንቺ ይሁን።»

ይኸውላችሁ፣ አንድ ልጅ ሊወስዱ የመጡ ሴትዮ በነጋታው ዘጠኝ ይዘው ዋሉ። «እስክሄድ ድረስ» ያሉት ጊዜ ደግሞ ገና አልደረሰም፤ ጥጃውን ወንድማቸው ይጠብቀዋል አሉ። መናኸሪያ ሠርቼ ያሰለጠንኳቸውን ልጆች አሁን የኩታበር ጨዋታ እያስተማሩብኝ ነው። ቢኒ ሳይቀር እሳቸውን ሲያይ ፉጨቱን ኪሱ ይከታል።

ሸህ ይመር ግን አልቆዩም። ጠዋት በባጃጅ መናኸሪያ አደረስኳቸው፤ ሀያት እንደ ድሮዋ ከፊቴ፣ ፍራሿ ላይ። ወረዱ። ዱዓ አደረጉልን፤ ረጅም፣ ጥሩ ዱዓ። ከዚያ ሊሄዱ ሲሉ አንድ ነገር ትዝ እንዳላቸው ተመለሱና አንገታቸውን ወደ ባጃጁ አስገብተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ያየሁት ሁሉ ደግ ነው፤ ማሻ አላህ። ነገር ግን እንደ አባት አንድ ነገር ልምከርህ…»

አፋቸው ቅርፅ ሲይዝ አየሁት። «አ» የምትለዋን ፊደል ጀምረዋታል።

ሀያት ብረቱን ጠፍ አደረገችው።

«ሞልቷል፣ ንዳው!»

ነዳሁት።